በስልክ የሚላክ ገንዘብ በማን እጅ ይገባል?

ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ጥናት

ከልዩ ልዩ ጉባኤዎች በተደጋጋሚ ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱን በዚህ ጥናት እናነሣለን። ይኸውም ለችግረኞች የሚሰጠውን ገንዘብ፣ የእናቶች ቁጠባ ማኅበርን መዋጮና የጉባኤውን መባ በስልክ መላክና መቀበል ይሻላል ወይስ እንደ ቀድሞው ከእጅ ወደ እጅ ይሁን? የሚለው ነው። ወጣቶቻችን «ዘመኑ ያመጣው ነውና እንጠቀምበት» ይላሉ። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ «ያላየነውን ብር እንዴት አድርገን እንቆጥራለን?» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች በያዙት ነገር ውስጥ እውነት አለ። እኛም ኦጎልቾን መሠረት አድርገን እንነጋገርበት፤ በዚያ የሚታየው በሌላውም ወረዳ የሚገጥም ነውና።

ኦጎልቾ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ብዙ ሰው ስሟን የሚያውቀው በከተማነቷ ሳይሆን የቁሉምሳ እርሻ ምርምር ማዕከል ባወጣው የስንዴ ዝርያ ነው፤ በላይኛው አርሲ ገበሬው «ኦጎልቾ ዘራሁ» ሲል ስለ ዘሩ መናገሩ እንጂ ስለ ከተማዋ አይደለም። አገሩ ግን በጭላሎ ተራራ ሥር እንዳለው እንደ አሰላ ደጋ አይደለም። ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚወርድ ቆላማ መሬት በመሆኑ፣ በደጋው ገብሱና ስንዴው አምሮ ሳለ እዚህ ዝናቡ ቀድሞ ተቋርጦ በቆሎው በማሳው ላይ የሚደርቅበት ዓመት አለ። እንዲህ ባለው ዓመት ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው አንድ ወይም ሁለት ሺህ ብር ፍየሏ ሳትሸጥ የምትተርፍበት፣ ልጁም ከትምህርት ቤት ሳይቀር የሚሰነብትበት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በምን መንገድ ይድረስ? ብሎ መጠየቅ ትንሽ ነገር አይደለም።

አገልግሎቱ እንዴት መጣ?

ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም ኤም ብር፣ ሄሎካሽና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቢኢ ብር ነበሩ። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ኤም ፔሳን በአገራችን ጀመረ። ኤም ፔሳ በጎረቤታችን በኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነው። የሚገርመው ነገር በመጀመሪያ የታሰበው ለመላላኪያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2005 በተጀመረው ሙከራ፣ አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር የታቀደው። ሰዎቹ ግን ብሩን እርስ በርሳቸው ይላላኩበት ጀመር፤ ድርጅቱም ሕዝቡ ያገኘውን ጥቅም አይቶ እቅዱን ለወጠ። ፕሮጀክት የምንመራ ሰዎች ይህን ብናስብበት መልካም ነው፤ አሁን ግን ወደ ነገራችን እንመለስ።

አሠራሩን ያልለመዱ ወገኖች ስላሉ ባጭሩ እንግለጽ። አንድ ሰው ጥሬ ብሩን ለወኪል ይሰጣል፤ ወኪሉም በዚያው ልክ በሰውየው የስልክ ቁጥር በተከፈተው ሒሳብ ያስገባለታል። ሰውየው ከዚያ ወዲያ ሲፈልግ ይልካል፣ ዕቃ ይገዛበታል፣ ወይም ከሌላ ወኪል ዘንድ ሄዶ ጥሬውን ያወጣል። ለዚህ የግድ ዘመናዊ ስልክ አያስፈልግም። ለቴሌብር *127# ብሎ መደወል በቂ ነው፤ ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክም ይሠራል፤ ቋንቋውንም ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ መለወጥ ይቻላል። በዝዋይ ዱግዳ ላሉ እናቶች ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል ስለሚመስል ይረሳል፤ ነገር ግን በማያነቡት ቋንቋ የመጣ መልእክት ምንጊዜም ሌላ አንባቢ ያስፈልገዋል።

ገንዘቡ በስልኩ ውስጥ እንዳልተቀመጠም ለሰው ማስረዳት ይገባል። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ሕዝቡ ያስገባውን ያህል ገንዘብ በባንክ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ስልኩ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ብሩ አብሮ አይሰጥምም። ሲም ካርዱ በስሙ የተመዘገበ ሰው መታወቂያውን ይዞ ሄዶ ቁጥሩን እንደገና ማስወጣት ይችላል። ብሩን በእርግጥ የሚያሳጣው የምስጢር ቁጥሩ በሌላ ሰው እጅ መግባቱ ነው።

ጥቅሙ

የመጀመሪያው ጥቅም የመንገዱ መቅረት ነው። ባንክ ለመድረስ ግማሽ ቀን የሚጓዝ ሰው ያን ቀን ከሥራው ቀርቷል፤ ነፍሰ ጡር ወይም አቅመ ደካማ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰው ይዞ መምጣት አለበት። ብዙ ብር በከረጢት ይዞ ከአሰላ ወደ ገጠር የሚወርድ ሠራተኛም በራሱ ላይ የሚያመጣው አደጋ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ደረሰኙ ነው። የተላከው መጠን፣ ቀኑና ሰዓቱ በሁለቱም ወገን ስልክ ላይ ይቀራል። በጣት አሻራ የተሞላ የክፍያ ወረቀት ያገላበጠ ሰው ይህ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያውቃል፤ አንዱን አሻራ ከሌላው በዓይን መለየት የሚችል የሒሳብ ሠራተኛ አላየንም።

ሦስተኛውን ከሁሉ በላይ ከፍ አድርገን እናየዋለን። እርዳታ በጉባኤው ግቢ ሲታደል ማን እንደተቀበለ አገሩ ሁሉ ያያል። ትናንት ባለ ጥማድ የነበረ ኦቦ ዛሬ በሰልፍ ቆሞ ስሙ ሲጠራ አንገቱን ይደፋል፤ እንዲያውም ከሰልፉ ይልቅ ረሃቡን የመረጡ አሉ። በስልክ ሲላክለት ግን ያወቀው ላኪውና እርሱ ብቻ ነው። ለእናቶችም እንዲሁ ነው፤ በማሰሮ ውስጥ የተደበቀ ብር በቤተ ሰብ ይገኛል፣ በምስጢር ቁጥር የተዘጋ ብር ግን እስከ ትምህርት ቤት መክፈቻ ድረስ ይቆያል። ታቭኒት ሱሪና ዊልያም ጃክ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ኤም ፔሳ በኬንያ 194,000 ያህል ቤተሰቦችን ከከፋ ድህነት እንዳወጣ ገምተዋል፤ ለውጡም ይበልጥ የታየው በሴቶች በሚመሩ ቤቶች ነበር።

ከአርሲ ብዙ እህቶቻችን ወደ ዓረብ አገሮች ሄደው በሰው ቤት እንደሚሠሩ የታወቀ ነው። የእነርሱም ላብ ወደ ቤታቸው የሚመለሰው በባንክና በስልክ ሆኗል፤ ይህም ብቻውን ጉዳዩን በቸልታ እንዳናልፈው ያደርገናል።

አንድ ቁጥር በስድስት ስሞች ፊት

እንግዲህ ጥቅሙ ይህን ያህል ከሆነ ጥያቄው ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ጥቅሙ ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ቆሟል፤ ስልኩ የተቀባዩ መሆን አለበት።

በአንድ ቀበሌ የተረጂዎችን ዝርዝር ከስልክ ቁጥራቸው ጋር ስናስተያይ አንድ ቁጥር በስድስት ስሞች ፊት ተጽፎ አገኘን። ስድስቱም በዕድሜ የገፉ ባልቴቶች ሲሆኑ ቁጥሩ ስልክ ቻርጅ እያደረገ የሚተዳደር የአንድ ወጣት ነበር። ልጁ ሌባ አልነበረም። ከዚያ ቀደም ከሌላ ወገን እርዳታ ሲመጣ ብሩን አውጥቶ ለየቤታቸው ያደርስ ነበር፤ ከእያንዳንዳቸውም የሻይ ተብሎ ጥቂት ይቀነስለት ነበር። ከሰፈሩ ሰው ቅሬታ ያቀረበ የለም፤ እንዲያውም ተመስጋኝ ነበር።

ከስድስቱ አንዷን አደ፣ ብሩ ከየት እንደሚመጣ ስንጠይቃቸው ወደ ልጁ ሱቅ አመለከቱን። «የእርሱ ነው እንጂ! እግዜር ይስጠው፤ እናት የሌለው ልጅ ነው፣ እኔን እንደ እናቱ ያየኛል» አሉን። ልጁ በሐይቁ አቅጣጫ በመስኖ ሽንኩርት ያለማ ነበርና ኩትኳቶ ሲደርስ ይጠራቸው ነበር፤ እርሳቸውም ውለታውን እያሰቡ ያለ ክፍያ ይሠሩለት ነበር። ሌሎቹም እንዲሁ። ብሩ ደርሷል፣ ደረሰኙ ትክክል ነው፣ ሒሳቡም አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ሆኖም ስድስት እናቶች በራሳቸው ገንዘብ የሰው ባለዕዳ ሆነው ነበር። በቢሮ ተቀምጦ የተላከውን ዝርዝር ብቻ የሚያይ ሠራተኛ ይህን በምን ያውቀዋል?

በመጨረሻ ከስድስቱ አራቱ በፋይዳ መታወቂያቸው በየስማቸው ሲም ካርድ አወጡ፤ ሁለቱ ግን «ዓይናችንም አያይ፣ ጣታችንም አይታዘዝ፤ ብሩን በእጃችን ስጡን» ስላሉ በምስክር ፊት በጥሬው እንዲከፈላቸው ተደረገ። ወጣቱም አልተባረረም፤ ለአራቱ ስልካቸውን ቻርጅ ያደርግላቸዋል፣ ዋጋውንም እንደማንኛውም ደንበኛ ይከፍሉታል።

ከዚህ የምንረዳው ሲሙ በማን ስም እንደወጣ ሳይጣራ ገንዘብ መላክ እንደማይገባ ነው። በብዙ ቤት ስልኩ አንድ ነው፤ ያም በባልየው ወይም ከተማ ባለው የወንድም ልጅ ስም የተመዘገበ ነው። የምስጢር ቁጥሩንም ብዙ ጊዜ የሚያወጣላቸው ወኪሉ ነው። «አንድ ሁለት ሦስት አራት ይሁንልዎ፣ እንዳይረሱት» ይላቸዋል። በቅንነት ቢሆንም እንኳ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቁልፍ ቁልፍ አይደለም።

ኔትወርክ ሲጠፋ

ሽማግሌዎቻችን የሚሰጉበት ሌላው ነገር በስልክ ያለ ብር ሌላው ሊዘጋው የሚችል ብር መሆኑ ነው። ይህም ስጋት ከንቱ አይደለም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ ነበር። በትግራይም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ስልክና ባንክ ለረጅም ጊዜ ተዘግተው፣ በባንክ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች አንዳች ሳያወጡ ተርበዋል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሥርዓቱ ላይ በደረሰ ችግር ሰዎች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ለማውጣትና ለማዛወር ችለው ነበር፤ ባንኩም አገልግሎቱን ለሰዓታት አቁሟል። በኋላ ያላግባብ የወሰዱትን እንዲመልሱ ጠይቆ፣ ያልመለሱትን ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አውጥቷል። ያን ሌሊት ብዙ ወጣቶች ማንም የማያየን መስሏቸው ነበር፤ የስልክ ገንዘብ ግን ዱካውን ይተዋል።

ከእነዚህ ይልቅ በኦጎልቾ ዙሪያ በየጊዜው የሚያጋጥመው ግን እጅግ ተራ ነገር ነው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይደክማል፣ ወይም ወኪሉ «ጥሬ ብር አልቆብኛል፣ በገበያ ቀን ተመለሱ» ይላል። ለሁለት መቶ ሰው በአንድ ቀን ገንዘብ ከላክን ሁሉም በማግስቱ ወደ አንዲት ሱቅ ይሄዳል፤ ባለሱቁ ያን ያህል ጥሬ ብር ከየት ያመጣል? ስለዚህ መላኩን በቀናት መከፋፈል፣ ወኪሎቹንም አስቀድሞ ማነጋገር የሠራተኛው ሥራ ነው።

ስለ ጉባኤው ገንዘብ

አሁን ወደ መባውና ወደ ማኅበሩ ገንዘብ እንምጣ፤ አንዳንዶችን ቅር ቢያሰኝም በግልጽ መናገር ያለብን እዚህ ላይ ነው። በብዙ ቦታ አሥራቱና መዋጮው የሚላክበት ቁጥር የወንጌላዊው ወይም የገንዘብ ያዡ የግል ስልክ ነው። ወንድሞቻችን ታማኞች ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ጥርጥር የለንም። ነገር ግን የግል ሒሳብ ባለቤት ቢታመም፣ ቢሞት ወይም ወደ ሌላ አገልግሎት ቢዛወር የጉባኤው ገንዘብ በሕግ ፊት የእርሱ ወይም የወራሾቹ ነው። ከልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ጋር የተቀላቀለውን የሕንፃ መዋጮ ለይቶ ማስረዳትም ለራሱ ሸክም ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያስተላልፍ ብቻውን አልያዘውም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸው ሰዎች አብረውት እንዲሄዱ አደረገ፤ ምክንያቱንም በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ገልጾታል፤ ማንም ነቀፋ እንዳያገኝበትና ሥራው በሰውም ፊት ቀና ሆኖ እንዲታይ ነበር። ሐዋርያ ሆኖ ሳለ ምስክር ከፈለገ፣ የእኛ ገንዘብ ያዥ ምስክር ቢፈለግበት ሊያዝን አይገባውም።

በባንክ የሦስት ሰዎች ፊርማ የሚጠይቅ ሒሳብ ያላቸው ጉባኤዎችም ይጠንቀቁ። ያ ሒሳብ ከአንድ ሰው ስልክ ጋር ከተያያዘ ሦስቱ ፊርማዎች በወረቀት ላይ ብቻ ቀርተዋል፤ ገንዘቡ በአንድ ጣት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ሒሳቡ በጉባኤው ወይም በማኅበሩ ሕጋዊ ስም ይከፈት፤ ባንኩም አንዱ ሲያዝዝ ሌላው የሚያጸድቅበት አሠራር እንዳለው ይጠየቅ፤ ከሌለው ሒሳቡ ከስልክ ጋር አይያያዝ። መቀበሉ በስልክ ይሁን፣ ማውጣቱ ግን በፊርማ ይቆይ። በወሩ መጨረሻም የገቢው ዝርዝር ታትሞ ወይም በእጅ ተገልብጦ በጉባኤው ፊት ይነበብ። መባ ከረጢት ውስጥ ሲገባ ሁለት ሰዎች በጠረጴዛ ላይ ይቆጥሩት የነበረው ለጌጥ አልነበረም።

ስለ እድርና ዕቁብ ባጭሩ እንናገር። መዋጮው በስልክ ሲሆን ሰው ከስብሰባው መቅረት ይጀምራል። ብሩ ደርሷልና ምን አጎደልኩ? ይላል። ግን የታመመ ጎረቤት የሚታወቀው፣ የተጣላም የሚታረቀው በዚያ ስብሰባ ነበር።

አጭበርባሪና ብድር

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በጣም የበዛው በስልክ ማታለል ነው። «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን የደረስዎትን ቁጥር ይንገሩን» ይላሉ። ወይም ሐሰተኛ መልእክት ይልኩና «በስህተት ወደ እርስዎ ብር ልኬአለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ፣ ልጄ ሆስፒታል ነው» ብለው ያለቅሳሉ። ደግ ሰው የሚታለለው በደግነቱ ነው፤ ስለዚህም ምእመናን ቀላል ሰለባ ናቸው። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ወደ እኛ የመጣውን መልእክት ሳይሆን ራሳችን ከፍተን ያየነውን ቀሪ ሒሳብ ማመን። ሱቅ ያላቸውም ቢሆኑ ገዢው በስልኩ ላይ የሚያሳየውን ደረሰኝ አይተው ዕቃ አይልቀቁ። ምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ባንክ የለም።

ብድሩም ሌላ ነገር ነው። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ የተባሉ የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶችን ሰጥቷል፤ ሌሎችም ባንኮች ተከትለዋል። ያለ ዋስና ያለ መያዣ ብድር ማግኘት ለትንሽ ነጋዴ ትልቅ ነገር ነው። የአርሲ ሽማግሌዎች ግን በ1960ዎቹ በአሰላ ይሠራ ከነበረው ከካዱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ሲወስዱ ያስታውሳሉ። ያኔ ባለ ዕዳው ጎረቤቶቹ እያዩ ይፈርም ነበር፤ ሚስቱም ታውቅ ነበር። ዛሬ ሌሊት በአልጋው ላይ ሆኖ ሦስት ጊዜ በመጫን ይበደራል፤ ቤቱ የሚያውቀው ደመወዙ ወይም የበቆሎው ሽያጭ ገብቶ ወዲያው ሲቆረጥ ነው። ባልና ሚስት ስለዚህ ጉዳይ እንዲነጋገሩ በትምህርት ጊዜ ማሳሰብ ይገባል።

እንግዲህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። የራሱ ሲምና ራሱ የመረጠው ምስጢር ቁጥር ላለው ሰው በስልክ ይላክለት። ይህ ለሌለው በምስክር ፊት በጥሬው ይከፈለው፤ እርሱን ለመርዳት ሲባል የሰው ስልክ አይመዝገብለት። የማውጫው ክፍያ ከእርዳታው ላይ እንዳይቀነስበት በበጀቱ አስቀድሞ ይታሰብ። ከተላከ በሳምንቱ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ከዝርዝሩ ጥቂት ቤቶችን መርጦ ይጎብኝ፤ ደረሰኝ ለማየት ሳይሆን ብሩ ከማን መጣ? ለማንስ አመሰገናችሁ? ብሎ ለመጠየቅ።

ለውይይት። በጉባኤያችሁ ካሉ ባልቴቶች የራሳቸው ሲም ያላቸው ስንቶች ናቸው? ምስጢር ቁጥሩን ያወጣላቸውስ ማን ነው? አንድ ምእመን ለሌላ የተላከ 500 ብር በስህተት ቢደርሰውና ደዋዩ እያለቀሰ ቢጠይቀው ምን ያድርግ? የጉባኤያችሁ መባ አሁን በማን ስም ተቀምጧል? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ያላገኛችሁ ከሆነ፣ ከሌሎቹ በፊት እርሱን አስቀድማችሁ በሽማግሌዎች ስብሰባ አንሡት፤ የሒሳብ መክፈቻውን ወረቀት በማሰናዳት ለመርዳት የአሰላው ቢሯችን ሠራተኞች ዝግጁ ናቸው።